በሉክስ ሜትር ብቻ የፕሮጀክተር ቀለም ይስተካከላል ወይ ላልከው
ነጩ ወደ ሰማያዊ አደላብኝ፣ በእጄ ያለው ሉክስ ሜትር (የብርሃን መጠን መለኪያ) ብቻ ነው ያልከው ልጅ፣ ይቻላል፣ ግን መለኪያው የቱ ላይ እንደሚታመን ካላወቅክ ያደክምሃል።

መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ገደማ አብርተህ ተወው አምፖሉ ይሙቅ፣ ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኦቶ አይሪስ ምናምን ብርሃኑን በራሳቸው የሚቀያይሩትን በሙሉ አጥፋ፣ ክፍሉን አጨልም። መለኪያውን ስክሪኑ መሃል ላይ ፊቱን ወደ ሌንሱ አድርገህ በፕላስተር ለጥፈው፣ በእጅ ይዘህ አትለካ፣ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ቁጥሩ ይዘላል። ጥቁር ምስል አሳይተህ ያነበበውን ከሁሉም ልኬት ላይ ቀንስ።

ከዛ ሙሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ ለየብቻ ለካ። የሦስቱ ድምር ከነጩ ጋር መቀራረብ አለበት። ነጩ በጣም ከበለጠ፣ በተለይ ዲኤልፒ (ምስሉን በጥቃቅን መስታወቶች የሚሠራው ዓይነት) ከሆነ፣ የሚሽከረከረው የቀለም ዲስክ ላይ ነጭ ክፍል አለ ማለት ነው፣ ብሪሊያንት ከለር የሚለውን፣ ነጩን የሚያደምቀውን ሴቲንግ፣ ሳታወርድ ሌላ ሴቲንግ ብትነካ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ድምሩ ከገጠመ በኤችዲው ደረጃ በሬክ 709 ቀይ ከነጩ 21 በመቶ፣ አረንጓዴ 72፣ ሰማያዊ 7 ገደማ ነው። ግን ይሄን እንደ ፍንጭ ብቻ ያዘው። ርካሽ ሉክስ ሜትር ሰማያዊ ላይ በደንብ ይስታል፣ የፕሮጀክተሩ ቀለሞች ራሳቸውም ከደረጃው ከወጡ ቁጥሩ አይሠራም። ለነጩ ዋርም (ሞቅ ያለ ቀለም) ከሚለው ዝግጁ ሴቲንግ መነሳት ይሻልሃል።

ሉክስ ሜትር እውነት የሚታመነው ግራጫው ላይ፣ ማለትም ከጥቁር እስከ ነጭ ባሉት ደረጃዎች ላይ ነው፣ እኔ በጣም የምወደውም ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ቀዩን ከራሱ ከቀዩ ጋር ስታወዳድር የመለኪያው ስህተት ሁለቱም ላይ ያው ስለሆነ ይጠፋል። ጋማ (የምስሉ ደረጃ ወደ ብርሃን የሚቀየርበት ስሌት) 2.2 ከሆነ በምስሉ 80 በመቶ የሆነ ቀይ ከሙሉው ቀይ 61 በመቶ ብርሃን መስጠት አለበት፣ 50 ላይ 22፣ 30 ላይ 7። አረንጓዴውም ሰማያዊውም እንደዛው። 30 ላይ ቀይና አረንጓዴ 7 ሰጥተው ሰማያዊው 10 ከሰጠህ ጨለማው ትዕይንት ሰማያዊ የሚሆንብህ ለዚህ ነው፣ የሰማያዊውን ባያስ (ጨለማውን ክፍል የሚያስተካክለውን) ቀንስ፣ ከዛ 80 ላይ ተመልሰህ ጌይኑን (ደማቁን ክፍል የሚያስተካክለውን) እይ፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ስለሚንቀሳቀስ መመላለስ የግድ ነው።

ጨለማው ላይ ቁጥሩ በጣም ካነሰ መለኪያውን ወደ ሌንሱ አስጠጋው፣ ከፍ ይላል፣ ግን ቦታው ስለተቀየረ ጥቁሩንም ሙሉውንም እዛው እንደገና ለካ።