መልስ፦ ሁሉም «ቆንጆ ነው» ካለኝ እንዴት ልሻሻል?

ወንድሜ፣ ፖርትሬቶችህን (የሰው ፊት ፎቶዎችህን) ዘመድ ጓደኛው ሁሉ «ቆንጆ ነው» እያለህ እንዴት እንደምትሻሻል ጠይቀሃል። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው አሳይ። ግን «እንዴት ነው?» አትበለው፤ መልሱ ያው ውዳሴ ይሆናል። «መጀመሪያ ዓይንህ የት አረፈ?» በለው። «ጉትቻው ላይ» ካለህ ፎከሱ ከዓይን ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳውን በ1.8 በሰፊው ከፍተህ ቀረብ ስትል ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ስታነሳ ደግሞ ፊታቸው ጠቁሮ እንደሆነ ጠይቅ። ካሜራው በነጩ ተታልሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) ትንሽ ከፍ አድርገው፣ የሽመናው መስመር እንዳይጠፋ ግን እያየህ።

ኤዲት ያልተደረገውንም ፎቶ ለሚተቹህ አሳይ። ሲተቹህ ሰበብ አትደርድር። የተባልከውን ያዝና ፎቶው ላይ ያለውን ያንኑ ሰው እንደገና አንሳው።