መልስ፦ ስኳር ያለባቸው እናቴ ኬቶ ቢጀምሩ ችግር አለው?

እህቴ፣ እናትሽ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን እየወሰዱ ከሰኞ ጀምሮ እንጀራ ሊያቆሙ ነው ብለሻል። እባክሽ፣ ሐኪማቸውን ሳያናግሩ እንዳይጀምሩ።

ኬቶ ካርቦሃይድሬት (እንደ እንጀራና ዳቦ ያለ ምግብ ውስጥ ያለው ስታርችና ስኳር) በጣም ተቀንሶ ስብ የሚበዛበት አመጋገብ ነው፤ የቀኑ ካርቦሃይድሬት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ግራም በታች ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ይህን ያልፋል። ካርቦሃይድሬት ሲጠፋ ጉበት ስብን ወደ ኬቶን ይለውጣል፤ አንጎል ሳይቀር በዚያ ይሠራል። የደም ስኳርም ይወርዳል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ይሄ እውነት ነው።

ችግሩ ክኒኑ ላይ ነው። ግሊቤንክላማይድ ሰው በላም አልበላም ቆሽትን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንድታመነጭ ያስገድዳታል፤ ካርቦሃይድሬት ካልገባ ደግሞ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እንጀራና ሽሮዋን ትታ እንቁላልና አቮካዶ ብቻ ስትበላ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ላብ አጠመቃት፤ ሲኒ መያዝ እስኪያቅታት እጇ ተንቀጠቀጠ። ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥተናት ነው ነፍስ የዘራችው። ኢንሱሊን የሚወጉም ያው ናቸው፤ መጀመሪያ የመድኃኒቱ መጠን ይስተካከል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር ክኒኖች ለሚወስድ ሰው ደግሞ የባሰ ነው፦ ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ደሙ ውስጥ አሲድ በአደገኛ ሁኔታ ሊበዛ ይችላል።

ኮሌስትሮላቸውንም ቀድመው ይለኩ፤ አንዳንዱ ላይ መጥፎው በጣም ይጨምራል።

«የሚጥል በሽታን ያድናል» ስላልሽው፣ አመጋገቡ በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ለዚሁ በሽታ ነው የተጀመረው። መድኃኒት እምቢ ባላቸው ልጆች ላይ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል፤ ግን በሐኪም ክትትል ነው።

እኔ ብሆን ለጊዜው እንጀራውን በግማሽ ቀንሼ ጎመኑን አበዛላቸው ነበር።