ሮጦ የሚጠልቅ ሞዴል፦ ታንኩ ሞልቶም ለምን ይንሳፈፋል?

ጥያቄ፦ በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ ላይ በውኃ ክንፍ (ሲሮጥ ቀፎውን ከውኃ በላይ በሚያነሳ ክንፍ) የሚሮጥ፣ ሲፈለግም የሚጠልቅ የ1 ሜትር ሞዴል ጀልባ ሠርቻለሁ። ታንኩ ባዶ ሲሆን 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ውኃ የማያስገባው ቀፎ 5 ሊትር፣ በውስጡ ያለው የባላስት ታንክ (ለመጥለቅ ውኃ የሚሞላው) 0.6 ሊትር ነው። ታንኩ ሞልቶም አይጠልቅም። እርሳስ ስጨምር ደግሞ ክንፉ አያነሳውም።

መልስ፦ ጥፋቱ የታንኩ አይደለም፤ የታሸገው አየር በዝቷል። ታንኩ ሲሞላ 3.6 ኪሎ ይሆናል፣ ቀፎው ግን 5 ሊትር ውኃ ማፈናቀል ይችላል፤ ስለዚህ 1.4 ሊትሩ ከውኃ በላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሶቪየት መሪ ክሩሽቼቭ ግፊት የተጀመረው ፕሮጀክት 1231፣ የሚጠልቅ ፈጣን የሚሳይል ጀልባ ንድፍ፣ የተያዘውም በዚሁ ነው፦ ለመሮጥ መቅለል፣ ለመጥለቅ መክበድ። ክሩሽቼቭ ከሥልጣን ሲወርዱ ተሰረዘ።

እርሳሱን ያውጡት። ሞተር፣ ባትሪና ታንክ የሚይዝ ደረቅ ቱቦ ያስገቡ፤ የውጪ ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን 3.14 ሊትር ነው። የውጪው ቅርፊትና የክንፎቹ ቁስ ሲደመር 3.62 ሊትር ገደማ እንዲሆን በስፖንጅ ያስተካክሉ፤ ስፖንጁ ውኃ የማይመጥ ዓይነት ይሁን። ትርፏ 20 ግራም ሲግናል ቢቋረጥ ሞዴሉን ትመልሳለች። የመጨረሻውን ማጥለቅ የሚሠሩት የአግድም መሪዎቹ ናቸው። በጨው ውኃ 90 ግራም ያህል ክብደት ይጨምሩ።

የቀረውን ቅርፊት ውኃ ይግባበት፤ ውኃ የሚገባበት ክፍት ቦታ በተቻለ መጠን ከውኃ መስመሩ (ሞዴሉ ሲንሳፈፍ ውኃው ከሚደርስበት) በላይ ይሁን፣ ከመስመሩ በታች የገባ ውኃ በራሱ አይወርድምና። በመስመሩ አካባቢ 8 ሚሊሜትር የሆኑ 10 ቀዳዳዎች፣ በላይኛው የመርከቡ ወለል ከፍተኛ ቦታ ደግሞ 4 ሚሊሜትር የሆኑ 6 የአየር መውጫዎች ይብሱ። የላይኞቹ ከተረሱ አየር ይታፈንና አፍንጫው ወይም ጅራቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የታችኞቹ ወደ ኋላ ይዙሩ፤ ወደ ፊት ከዞሩ በፍጥነት ጊዜ ውኃ ይዝቃሉ።

ብዙ ሰው የሚገለበጥበት ቦታ ግን መውጣቱ ነው። ሞዴሉ ብቅ እንዳለ ጋዝ አይስጡ፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጠብቁ። ቅርፊቱ ውስጥ የቀረው ውኃ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት፣ ክንፉ ላይ መቆም የጀመረው ሞዴል ይዘነበላል። ቁመታዊ መለያያ ግድግዳ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ባትሪውንም ከቱቦው ግርጌ ያስሩ።

ሬዲዮው 2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነ ከጥቂት ሳንቲሜትር በታች አይሰማም። ጨው በሌለው ውኃ 40 ሜጋኸርዝ ይጠቀሙ፣ ወይም ሲግናል ሲጠፋ ታንኩ ራሱ እንዲያራግፍ ያድርጉ።