ዘብ ላይ ነበሩ አይደል?

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሱፍ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ረጅም ሰው ነው። ደንበኞቼ ያስተማረኝ ፈረንጅ ይመስላቸዋል። አላርማቸውም።

ሰሞኑን ለልምምድ የመጣች ልጅ ስልኳን ይዛ ገባች። የፎቶውን ሰውዬ አግኝታዋለች። ችሎት ቆሞ ሲናገር የሚያሳይ ቁራጭ ቪዲዮ ነው፤ ሦስት ጊዜ አይታዋለች።

"ጋሼ፣ እንደዚህ ለመናገር ምን ላድርግ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሻይ አዘዝኩላትና ወሬ ቀየርኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደሷ ለምታስቡ ልጆች ነው። ቀጠሮ አክብሩ፣ መዝገብ አንብቡ፣ የደንበኛ ገንዘብ አትንኩ የሚለውን እዘለዋለሁ። ያንን እስካሁን ያልሰማ ሰው ሕግ ትምህርት ቤት ምን ሲሠራ ከረመ?

ሰውዬው አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ግሪጎሪ ፔክ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ይዞኝ ገባ። ፊልሙ ስለ ናቫሮን መድፎች ነበር። ፔክ በዝናብ ገደል ሲወጣ አይቼ አንድ ሳምንት ሙሉ የጎረቤት አጥር ስወጣ ከረምኩ። ኋላ ሕግ ተምሬ ሥራ ልጀምር ስል፣ አንድ ወዳጄ ቤት በቪዲዮ ካሴት ሌላኛውን አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው "ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ" ነው። ፔክ እዚያ አቲከስ ፊንች የሚባል የአላባማ ጠበቃ ሆኖ ይጫወታል። ነጭ ሴት ደፍረሃል ተብሎ በሐሰት ለተከሰሰ ጥቁር ሰው ጥብቅና ይቆማል። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አራቴም ባዶ እጁን ተመልሷል። በዚህ ግን አገኘው።

ካሴቱን ተውሼ ወሰድኩት። እስከዛሬ አልመለስኩትም።

ለምን እንደዚያ እንደያዘኝ አውቃለሁ። አያቴ በላ ልበልሃ ያደጉበት ሰው ነበሩ። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለው እገሌ እገሌን በምን ቃል እንደረታው ይነግሩን ነበር። መሬቱ ስንት ጋሻ እንደነበር ይረሱታል፤ ቃሏን ግን አይረሷትም። ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን እያወዛወዙ ሁለቱንም ተሟጋች ሆነው ይጫወቱልናል። እኔም ፔክን ሳየው አያቴ ሱፍ ለብሰው የመጡ መሰለኝ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። አይቸኩልም። መነጽሩን ያወልቃል፣ ጠረጴዛ ይደገፋል፣ ዝም ይላል። መስታወት ፊት ቆሜ አጠናሁት። መነጽር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ገዛሁ።

ከዚያ ሽማግሌው መጡ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። የአንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ሌሊት መጋዘኑን ለሌቦች ከፍተው ሲሚንቶ አስጭነዋል ተብለው ተከሰሱ። አንድ የቀን ሠራተኛ አይቻቸዋለሁ ብሎ መሰከረ። ልጃቸው ናት እኔን ያቆመችላቸው። ለከፈለችኝ ገንዘብ ምን እንደሸጠች አልጠየቅኩም።

እሳቸውን ያነጋገርኳቸው ችሎቱ ደጃፍ ላይ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኔ ወረቀት እያገላበጥኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ "አባባ፣ ያን ሌሊት ዘብ ላይ ነበሩ አይደል?" አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ያቺ ዝምታ አሁንም ትሰማኛለች። ከዚያ "እንዴታ" አሉ።

"ጎሽ" ብዬ ጻፍኩት። ችሎት ላይም ያንኑ ቃል ሰጡ።

የክርክር ማቆሚያ ንግግሬን ሁለት ሳምንት ነበር የተዘጋጀሁበት። በዘመናችን ማቆሚያ በጽሑፍ አስገባ ሲባል ደስ የሚለው ጠበቃ ብዙ ነው። እኔ በቃል ካልሆነ ብዬ ለመንኩ። ተፈቀደልኝ። ተነሣሁ። መነጽሬን አወለቅኩ። ድሃ ስለሆነ ሰው፣ በብርድ ቆሞ የሌላ ሰው ሀብት ስለሚጠብቅ ሰው ተናገርኩ። ከኋላ አንዲት ሴት አለቀሰች። ጸሐፊዋ ቀና አለች። ስጨርስ ልቤ ሊፈነዳ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት ስለ ሽማግሌው ሳይሆን ስለ ራሴ ነበር የማስበው።

ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው።

ማረሚያ ቤት ልጠይቃቸው የሄድኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የቆየሁት አፍሬ ነው። ስለ ይግባኝ ሳስረዳቸው ቆዩና፣ ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ እኔ እኮ ያን ሌሊት እዚያ አልነበርኩም" አሉኝ።

የክስ ማመልከቻው ላይ ቀኑ በጉልህ ተጽፏል። ኅዳር 11 ለ12 አጥቢያ። መቼም ይህን የምታነቡ ሁሉ አሁኑኑ ገብቷችኋል። ኅዳር ሚካኤል ነው! ሽማግሌው በሩን በሰንሰለት ቆልፈው ማኅሌት ሄደዋል። ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፈው ቆመዋል። ያያቸው ካህንና ምዕመን አንድ መቶ ይሆናል። ለእሳቸው ግን ዘብ ጥሎ መሄድ ከስርቆቱ የባሰ ነውር መሰላቸው። እንጀራቸው ነዋ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። አሁን ሳስበው ጭራሽ ተቆጥቼ ነበር።

"አንተው ነህ እኮ ዘብ ላይ ነበሩ ያልከኝ። የተማረ ሰው ነህ። ለእኔ የሚበጀውን አውቀህ መሰለኝ።"

ይግባኙ አልሠራም። በራሳቸው ቃል ዘብ ላይ ነበርኩ ብለዋል። ያን ቃል አፋቸው ውስጥ የጨመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ካሴቱን እንደገና ከፈትኩት። ንግግሩን ዘልዬ ሌላ ሌላውን አየሁ። ልጆች፣ ስልካችሁ ላይ የሚመጣው ቁራጭ ይህን አያሳያችሁም። መጀመሪያ ነገር፣ አቲከስ በፊልሙ ይሸነፋል! ያ ሁሉ ንግግር ሰውየውን አላዳነውም። ሥራው የተሠራው ቀደም ብሎ ነው። ፔክ ለከሳሿ ልጅ አባት ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቶ ስምህን ጻፍ ይለዋል። ሰውዬው በግራው ይጽፋል። ቆየት ብሎ ደግሞ ለተከሳሹ ብርጭቆ ይወረውርለታል። በቀኙ ይቀልበዋል። በግራህ ሲለው አይችልም፤ ግራ እጁ ልጅ ሆኖ ተጎድቶ የማይሠራ ነው። ልጅቷን የደበደባት ሰው ደግሞ ግራኝ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የፔክን ፊት እዩት። ምንም አይሠራም። ይጠይቅና ይጠብቃል። ተከሳሹን የተጫወተው ብሮክ ፒተርስ ሲያለቅስ፣ ፔክ እኔም እንዳላለቅስ ብዬ አሻግሬ ነበር የማየው ብሏል።

ፔክን እንጨት ነው የሚሉ አሉ። አንዳንዴ እውነት አላቸው። ዓሣ ነባሪ የሚያሳድደውን እብድ ካፒቴን ሲጫወት እኔም አላመንኩትም። እሱ ለማበድ የተፈጠረ ሰው አይደለም። ለማዳመጥ ግን እንደሱ ያለ አላየሁም። የዛሬ ተዋንያን ሌላው ሲናገር የራሳቸውን ተራ ነው የሚጠብቁት። እናንተም እንደዚያው ናችሁ። ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አውራ ጣታችሁ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ይሄዳል። እኔስ? እኔ ስልክ በሌለበት ዘመን ነው ያንን የሠራሁት። ስለዚህ ይህን የተናገርኩትን ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ ኋላ ላይ አንብቤ አንገበገበኝ። ፔክ ፊልሙን ከመሥራቱ በፊት አላባማ፣ ሞንሮቪል ድረስ ሄዷል። ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍ ደራሲ የሃርፐር ሊ አባት ጠበቃ ነበሩ፤ አቲከስ የተቀዳው ከሳቸው ነው። ሽማግሌውን አግኝቶ አነጋገራቸው። ፊልሙ ሳያልቅ አረፉ። ልጃቸው የአባቷን የኪስ ሰዓት ለፔክ ሰጠችው፤ ኦስካሩን የተቀበለ ማታ ይዞት ነበር። ተዋናዩ እንኳ ሽማግሌውን ፍለጋ ያን ያህል መንገድ ሄዷል። የእኔ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ነበር።

ሰውዬው በሕይወቱም እንደዚሁ ነበር ይባላል። ሮም ላይ ከኦድሪ ሄፕበርን ጋር ሲሠራ፣ ውሉ ከፊልሙ ርዕስ በላይ የሱ ስም ብቻ ይጻፍ ነበር የሚለው። እሷን ማንም አያውቃትም። የሷም ይጻፍ አለ። ኦስካሩን እሷ ወሰደች። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የኦስካሩን አካዳሚ የሚመራው ፔክ ነበር፤ ዝግጅቱ ከቀብሩ በኋላ እንዲሆን በሁለት ቀን ተገፋ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ልጄን ልጠይቅ ሎስ አንጀለስ ሄጄ ነበር። ፌርፋክስ መንገድ ክትፎ ልጋብዝህ ስትለኝ መጀመሪያ መቃብር ውሰጂኝ አልኳት። አበድክ እንዴ አለችኝ። የመላእክት እመቤታችን ካቴድራል ሥር፣ ቀዝቃዛ የእብነ በረድ ኮሪደር ውስጥ ነው ያረፈው። እ.ኤ.አ. በ2003 በ87 ዓመቱ ሲሞት የስንብት ንግግር ያደረገለት ያው ብሮክ ፒተርስ ነው። እዚያ ቆሜ ግን ስለ ፔክ ማሰብ አቃተኝ። ትዝ ያለኝ የማረሚያ ቤቱ አጥር ነው።

የዚያን ዕለት የጥየቃ ሰዓት አብቅቶ ጠባቂው ውጡ ሲል፣ ሽማግሌው በሽቦው ቀዳዳ ጣታቸውን አሾልከው እጄን ነኩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር።

"አንደበትህ ይባረክ ልጄ" አሉኝ። "በዕድሜዬ እንደዚያ ተደርጎ ተነግሮልኝ አያውቅም።"