አፕ ሠርቶ መሸጥ፦ ከሐዋሳ ለተላኩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሐዋሳ ላይ ለብቻቸው አፕ የሚሠሩ ሰዎች የላኳቸው ጥያቄዎች ናቸው። የብዙዎቹ ሥር አንድ ነው፤ ኮዱ አልቋል፣ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ ግን አልታሰበበትም። ስለዚህ ክፍያ ነክ የሆነውን ሰፋ አድርጌ፣ ሌላውን ባጭሩ መልሻለሁ።

ከአቶቴ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና መለማመጃ አፕ ጨርሻለሁ። ፕሌይ ስቶር ግን 12 ሞካሪ ለ14 ቀን አምጣ ይለኛል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ቆጠራው አልሞላም። ምን አጠፋሁ?

ሕጉ የሚመለከተው ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ከኅዳር 3 ቀን 2016 ወዲህ የተከፈተን የግል አካውንት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው 20 ሰው ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ 12 ወረደ። እነዚህ ሰዎች በዝግ ሙከራው፣ ማለትም አፑ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት የተጋበዙ ሰዎች ብቻ በሚሞክሩበት ጊዜ ውስጥ፣ 14 ቀን ሳያቋርጡ መቆየት አለባቸው። ልክ 12 ሰው ይዘህ ከጀመርክ አንዱ በ9ኛው ቀን ሲወጣ ልፋትህ ይቋረጣል። 18 ወይም 20 ሰው አስገባ።

እኛ ዘንድ ግን ቆጠራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ጂሜይል ነው። ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን ሻጩ የከፈተለት ሰው ብዙ ነው። ሞካሪው የነገረህ አድራሻ ሌላ፣ ስልኩ ላይ ፕሌይ ስቶር የሚሠራበት ሌላ ይሆናል። በቃል አትቀበል። ፕሌይ ስቶርን ከፍቶ ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን ክብ ምስል ይንካና የሚታየውን አድራሻ ስክሪንሾት ይላክልህ። ቀጥሎ የግብዣውን ሊንክ በዚያው ስልክ ከፍቶ ሞካሪ ለመሆን መስማማቱን ራሱ መጫን አለበት። አድራሻውን አንተ ዝርዝር ውስጥ ስላስገባኸው ብቻ አይቆጠርም።

14ቱ ቀን ሲሞላ ጎግል ሞካሪዎቹ ምን እንዳሉና አንተ ምን እንዳስተካከልክ ይጠይቅሃል። አስተያየቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ደብተር ላይ ያዝ፤ በመሀልም አንድ ሁለት ማሻሻያ ልቀቅ። ሞካሪ በገንዘብ የሚያቀርቡ ቡድኖችን ተዋቸው፤ አፑን ከፍተው ስለማያዩት ለጥያቄው የምትመልሰው አይኖርህም። የሌላ ሰው አካውንት መከራየት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ባለቤቱ በሌላ አፕ ምክንያት ቢታገድ ያንተም አፕ አብሮ ይወርዳል፣ ተጠቃሚዎችህንም ይዞ ይሄዳል።

ከዚያው ጠያቂ፦ አፑ ውስጥ የቴሌብር ክፍያ ላስገባ?

የሚወስነው የምትሸጠው ነገር ነው። ዓሣ፣ የባጃጅ ጉዞ ወይም የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ከሆነ በቴሌብርም፣ የኢንተርኔት ክፍያ በሚያሳልፈው በቻፓም መቀበል ትችላለህ። ያንተ ግን ጥያቄና ማብራሪያ ነው፤ ስልኩ ውስጥ የሚከፈት ይዘት ነው። በፕሌይ ስቶር በሚወርድ አፕ እንዲህ ያለ ይዘት ሲሸጥ ጎግል በራሱ የክፍያ ሥርዓት እንዲያልፍ ያዛል፤ ከዓመቱ የመጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ላይም 15 በመቶ ይወስዳል። አፕ ለመልቀቅ መመዝገብና ሽያጭ ለመቀበል መመዝገብ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ የአገሮቹ ዝርዝርም ለየብቻ ነው። የመመዝገቢያውን 25 ዶላር ከመክፈልህ በፊት ሁለተኛውን ዝርዝር ከፍተህ ተመልከት።

በዚያ በኩል ካልሆነልህ ቀሪው መንገድ ይኸው ነው፦ ሽያጩ ከአፑ ውጭ ይሆናል፣ ተማሪው የፕሌይ ስቶሩን አፕ ከፍቶ በስልክ ቁጥሩ ይገባል፣ የከፈለበት ይዘት ይከፈትለታል። አፑ ውስጥ ግን «በዚህ ቁጥር ክፈሉ» የሚል ጽሑፍም ሆነ ወደ ቴሌግራምህ የሚወስድ ሊንክ እንዳይኖር። አፖች ውድቅ የሚደረጉት በዚህች አንድ መስመር ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፦ የምለቀው ኤፒኬውን (የአንድሮይድ አፑን ፋይል) በቴሌግራም ነው። አንዱ ከፍሎ የመክፈቻ ኮዱን ለክፍሉ ሁሉ ያድለዋል። እንዴት ልከላከል?

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ኮድ ካለህ ያ የይለፍ ቃል እንጂ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ ከስልኩ ጋር መታሰር አለበት። አፑ የስልኩን የአንድሮይድ መለያ ወስዶ አጭር ቁጥር ያወጣል፤ ገዢው ያንን ከክፍያው ጋር ይልክልሃል። አንተ በሚስጥር ቁልፍህ (አንተ ጋ ብቻ በሚቀመጥ ዲጂታል ቁልፍ) ትፈርምበትና ፊርማውን ለገዢው ትመልስለታለህ፤ አፑ ውስጥ የተቀመጠው ይፋዊ ቁልፍ ፊርማውን ያረጋግጣል። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ሚስጥሩን ቁልፍ አፑ ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ኤፒኬው በደቂቃዎች ተፈትቶ ስለሚነበብ እንደዚያ ማድረግ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። ፊርማው ኢዲ25519 በሚባለው የዲጂታል ፊርማ ስልት ከተሠራ 64 ባይት ነው፤ ወደ ፊደል ሲለወጥ 86 ገደማ ይሆናል። ይህን በእጅ ጻፉ አትበል፤ ኮፒ ተደርጎ የሚለጠፍ ወይም በሊንክ የሚከፈት አድርገው።

ሁለት ነገር ያበላሽብሃል። አንደኛው፣ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ሲጸዳ መለያው ይለወጣል፤ ለአንድ ገዢ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደገና ለመክፈት ከወዲሁ ወስን። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ይህ መለያ አፑ ራሱ በተፈረመበት ቁልፍም ይለያያል፤ ይህ ቁልፍ ከላይ ካለው የፈቃድ ቁልፍ ሌላ ነው። በቴሌግራም ያሰራጨኸው በአንተ ቁልፍ፣ ፕሌይ ስቶር ያለው ደግሞ ጎግል ባመነጨው ቁልፍ ከተፈረመ፣ በአንድ ስልክ ላይ ሁለት የተለያየ መለያ ይወጣል። አንዱን በሌላው ላይ ማደስም አይቻልም። ፕሌይ ስቶር ላይ የመጀመሪያውን ፋይል ስትጭን ጎግል ቁልፍ እንዲያመነጭ ከመተው የራስህን መርጠህ አስገባ።

ይህን ሁሉ አድርገህም ማረጋገጫውን ቆርጦ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ውድ የሆነውን ይዘት ኤፒኬው ውስጥ አትክተት፤ ፈቃዱ ከተረጋገጠ በኋላ ከሰርቨር (ኢንተርኔት ላይ ካለ ኮምፒውተርህ) ይውረድ። አንድ ወር በመከላከያ ላይ ከምታጠፋ አዲስ ጥያቄዎች ብትጨምር ይሻልሃል፤ የተሰረቀው ቅጂ አሮጌ ሆኖ ይቀራል።

የቴሌግራሙ መንገድም እንዳለ አይቀጥልም። ጎግል ማንነቱን ባላስመዘገበ ገንቢ የተሠራ አፕ መጫንን ከሴፕቴምበር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ እንደሚገድብ፣ ከ2027 ወዲህ ደግሞ ወደ ሌሎች አገሮች እንደሚያሰፋ አስታውቋል።

ከመናኸሪያ አካባቢ፦ ከአሞራ ገደል ዓሣ ለሚያዙ ሰዎች አፕ ሠርቻለሁ፣ ክፍያው በቻፓ ነው። ደንበኛው ከፈልኩ ይላል፣ አፑ አልተከፈለም ይላል። የማንን ልመን?

የሁለቱንም አትመኚ፣ እህቴ። ደንበኛው ከፍሎ ወደ አፑ ሳይመለስ ኔትወርክ ቢጠፋ ስልኩ የሚያውቀው ነገር የለም። ክፍያው መግባቱን ማወቅ ያለበት ሰርቨርሽ ነው። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የማይደገም መለያ ሰርቨሩ ያውጣ፤ ትእዛዙን «በመጠበቅ ላይ» ብሎ ይመዝግብ። ክፍያ ገባ የሚለው የቻፓ መልእክት ለሰርቨሩ ሲደርስ መልእክቱን ብቻ አምነሽ ዕቃውን አትልቀቂ፤ በዚያው መለያ ቻፓን መልሰሽ ጠይቂና ሁኔታውን፣ የብሩን መጠንና የገንዘቡን ዓይነት አስተያዪ። መጠኑን ሳያስተያዩ የሚያልፉ አፖች 1 ብር ለከፈለ ሰው የ900 ብር ዕቃ ይለቅቃሉ። መልእክቱ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል የተከፈለ ትእዛዝ ዳግመኛ ምንም እንዳይሠራ አድርጊ። መልእክቱ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል፤ ሰርቨሩ በየ5 ደቂቃው በመጠበቅ ላይ ያሉትን ራሱ ይጠይቅ።

የክፍያ መልእክት ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ጽሑፉን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው።

ከታቦር ሥር፦ ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቁጥሩ ይዛባል። ስንትስ ልሸጠው?

መዛባቱ የሚመጣው ቀሪውን ቁጥር ስለምታስቀምጥ ነው። ሁለት ስልኮች ኔትወርክ በሌለበት 50 ፍሬ ላይ ይጀምራሉ፤ አንዱ 3 ሸጦ 47፣ ሌላው 5 ሸጦ 45 ይላል። ኔትወርክ ሲመጣ ኋላ የደረሰው የመጀመሪያውን ይደመስሰዋል። ቀሪውን ትተህ እንቅስቃሴውን መዝግብ፦ ሲገባ 50፣ ሲወጣ 3፣ ሲወጣ 5። ሲደመር 42 ይሆናል፣ የትኛውም ቀድሞ ቢደርስ። እያንዳንዱ መስመር ስልኩ ላይ የተሠራ የማይደገም መለያ ይኑረው፤ ያለዚያ ድጋሚ ሲላክ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋብህ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ባለው ኤስኪውላይት በሚባለው የመረጃ ማከማቻ ውስጥ ይጻፍ፣ ከዚያ ይላክ።

ፍለጋውንም አትርሳ። አንዱ «ሐኪም»፣ ሌላው «ሀኪም» ብሎ ይጽፋል። ስታስቀምጥም ስትፈልግም ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሙሉ ቤታቸው አምጥተህ አስተያይ፤ ለዕይታ ግን ሰውየው የጻፈውን አሳይ።

ዋጋውን አንድ ጊዜ ከፍለው እንዲጨርሱ አታድርግ። ሰርቨር በየወሩ ያስከፍላል፣ አንድሮይድም በየዓመቱ ይለወጣል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ምንም ሳይከፍሉህ ስልክ ይደውሉልሃል። የዓመት ክፍያ ይሁን፦ የሰርቨሩን፣ በአካል ሄደህ የምታሳይበትን ቀንና የትራንስፖርቱን ደምረህ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ቤት አካፍል፤ ከዚያ በታች የሚጠይቅህን ደንበኛ በትሕትና እለፈው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የኮዱ ባለቤት አንተ እንደሆንክ፣ መድኃኒት ቤቱ የመጠቀም መብት ብቻ እንደገዛ ይስፈር። በሽተኛ ስምና ስልክ የምትመዘግብ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብበው፤ የማያስፈልግህን መረጃ መጀመሪያውኑ አትሰብስብ።

በማስታወቂያ መኖር ይቻላል? አይፎንስ?

የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት አድሞብ የሚከፍለው ሂሳብህ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። 10 ዶላር ላይ ስትደርስ የማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይላክልሃል፤ ስለዚህ ትክክለኛ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አስገባ። አፑን ስትሞክር የሙከራ ማስታወቂያ ተጠቀም፤ የራስን ማስታወቂያ መንካት አካውንት ያስዘጋል። አይፎን በየዓመቱ 99 ዶላርና የማክ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ገዢህ አይፎን መያዙን ሳታረጋግጥ አትግባበት።

የፊርማ ቁልፉ ያለበት ላፕቶፕ ቢሰረቅስ?

ፕሌይ ስቶር ላይ የሚጠፋው የመጫኛ ቁልፍ (ፋይሉን ወደ ፕሌይ ስቶር ስትልክ የምትፈርምበት) ከሆነ ጎግልን ጠይቀህ ታስቀይራለህ። በቴሌግራም ለሚሰራጭ ኤፒኬ ግን የሚተካ የለም፤ ያለ እሱ ማሻሻያ መልቀቅ አትችልም፣ ተጠቃሚው አፑን አጥፍቶ ከነዳታው እንደ አዲስ መጀመር ይኖርበታል። የቁልፉን ፋይል በሁለት ፍላሽ ገልብጠህ በሁለት ቤት አስቀምጥ፣ የይለፍ ቃሉን ደግሞ በወረቀት ጽፈህ ከፍላሹ ለይተህ ያዝ።