እጁን ጨብጦ ለሚውል ሕፃን

እህቴ፣ ልጅሽ 4 ወር ሞልቶታል፣ የተወለደው ከቀኑ 5 ሳምንት ቀድሞ ነው፣ እጁን ጨብጦ ይውላል፣ የያዘውን መጫወቻም አይለቅም ብለሻል። መጀመሪያ ዕድሜውን አስተካክዪ። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድገት የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ልጅሽ ገና 3 ወር አልሞላውም። በዚህ ዕድሜ እጅ አንዴ ተጨብጦ አንዴ ተከፍቶ መታየቱ የተለመደ ነው።

አለመልቀቁ ጉልበትም እልህም አይደለም። መዳፉን አንድ ነገር ሲነካው ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፤ የመጨበጥ ሪፍሌክስ የሚባለው ይህ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እየደከመ ይሄዳል፣ በምትኩም ልጁ አይቶና ፈልጎ መያዝ ይጀምራል። መልቀቅ ግን ከመያዝ ይከብዳል። 6 ወር ገደማ ዕቃን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ በሰው መዳፍ ላይ አስቦ የሚያስቀምጠው ግን ወደ ዓመቱ ሲጠጋ ነው።

ጣቶቹን ከጫፋቸው ይዘሽ አትፈልቅቂ፤ መዳፉን በነካሽው ቁጥር ይብስ ይጨብጣል። የእጁን ጀርባ ከትንሿ ጣት በኩል ወደ አንጓው ቀስ አድርገሽ ዳብሺው። ካልተከፈተ አንጓውን ወደ ታች በዝግታ እጠፊው፣ ጣቶቹ ይላላሉ። በዚያው በጣቶቹ መሐል የተጠራቀመውን ክርና የወተት ቅሪት በለብ ያለ ውኃ አጥበሽ አድርቂ፣ አለዚያ ቆዳው ይላጣል።

ሁለቱን እጆች ማወዳደር ከሁሉም ይበልጣል። ጠግቦ፣ ነቅቶ፣ በጀርባው ተኝቶ ሳለ ጭንቅላቱን መሐል ላይ አድርጊ። ይህን የምለው ፊቱ ወደ ቀኝ ከዞረ ቀኝ እጁ ስለሚዘረጋና ግራው ስለሚታጠፍ ነው፤ ያ ራሱ የዚህ ዕድሜ ሪፍሌክስ ነው፣ ብዙ እናት ግን አንድ እጁ ደከመ ብላ ትደነግጣለች። ሲደነብርም ሁለቱም እጆች እኩል ተዘርግተው መሰብሰብ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ በወሊድ ጊዜ የትከሻ ነርቭ ወይም ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ያለው አጥንት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

በቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ እጅን የሚያዘገየው ጥቅለላና ጓንት ነው። ነቅቶ ሳለ እጆቹ ከጥቅሉ ይውጡ። ፊቱን እንዳይቧጭር ጓንት ከማልበስ ጥፍሩን ቁረጪለት፤ እጁን አፉ ውስጥ ከቶ ነው የሚያውቀው። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ አጠገቡ ሆነሽ በሆዱ አስተኚው፤ በመዳፉ መሬቱን ሲገፋ ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ትከሻውም ይጠነክራል፣ የጸና ትከሻ ደግሞ የእጅን ሥራ ያግዛል። እንቅልፍ ሲወስደው ግን በጀርባው ይሁን። መጫወቻ ስትሰጪው ቀጠንና ቀለል ያለ፣ አፉ ውስጥ የማይገባ ምረጪ፣ ደረቱ ፊት ለፊት አሳዪው።

በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መልቀም ከ9 እስከ 12 ወር ይመጣል። ያኔ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ የበሰለ ድንችና ካሮት አቅርቢለት። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሙሉ የወይን ፍሬ ያንቃል፤ እንዳታስጠጊ።

በተስተካከለው ዕድሜ 3 ወር አልፎት አውራ ጣቱ ሁልጊዜ በጡጫው ውስጥ ከታጠፈ፣ አንዱ እጅ ብቻ ከጨበጠ፣ ሰውነቱ ከተገተረ ወይም ከላላ፣ ከ6 ወር በኋላ የመጨበጥ ሪፍሌክሱ ካልጠፋ ወይም ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጅ ብቻ ከተጠቀመ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰጂው። ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ክሊኒክ ስትገቢ ልጁ ተኝቶ ወይም እያለቀሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ ረጋ ብሎ ሲጫወት ሁለቱን እጆች የሚያሳይ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ በስልክሽ ይዘሽ ሂጂ።