«አሁን ምንም አትክፈሉ» የሚለው ደላላ

ጥያቄ፦ አሸዋ የሚባለው ሰፈር ሻይና ሳምቡሳ እየሸጥኩ ነው የምኖረው። የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ናት፤ 17 ዓመቷ ነው፣ ትምህርቷን 8ኛ ላይ አቋርጣለች። አንድ የሰፈራችን ልጅ በደወሌ ድንበር አሻግሮ ጅቡቲ ሆቴል ላስቀጥራት ይላል። ልቧ ሸፍቷል። እሱ አሁን ሳንቲም አልጠየቀንም፣ ሠርታ ትከፍላለች ነው የሚለው። ታዲያ ብትሄድ ምን ይጎዳናል?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ አትላኪያት። እኔን ያስፈራኝ አንቺን ያጽናናሽ ነገር ነው፤ ብር አለመጠየቁ።

ከጅቡቲ የተመለሱ ሴቶችን እዚሁ ድሬ አነጋግራለሁ። አንዷ የዕዳዋን ደብተር ይዛ መጥታ ነበር። የመኪናው፣ የአሻጋሪው፣ የአልጋው፣ የሳሙናው ሳይቀር በፍራንክ ተጽፎባታል። ደመወዟ ከዕዳው ሲቀነስ በማግስቱ ሌላ ወጪ ይጨመራል። ዕዳው አልጎድል ሲል አሠሪዋ «ከደንበኛ ጋር ውጪና ቶሎ ጨርሺ» አላት። እምቢ ስትል «ወረቀት የለሽም፣ ለፖሊስ እሰጥሻለሁ» አለ። በሩ ቀን ሙሉ ክፍት ነበር አለችኝ። ግን ወዴት ትሂድ?

ሕጋዊው መንገድ እንዲህ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን የሚችለው አሠሪው ነው፤ ዕዳ ሆኖ አይመዘገብም። ለዚያውም ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አይላክም። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ ልጅን ለብዝበዛ የመለመለ ወይም ያጓጓዘ ሰው ወንጀለኛ ነው ይላል። ልጅቷም አንቺም ብትስማሙ አያድነውም።

«የማውቀው ልጅ ነው» ትዪኝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሚያውቁት ሰው ነው። የማያውቁትን ማን አምኖ ይከተላል?

ልጁን ሄደሽ አትጣዪው፤ ከነቃ ቀኑን አስቀድሞ ይወስዳታል። የስልክ ቁጥሩን ያዢ፣ በኢሞ የላከላት ድምፅ እንዳይጠፋ አድርጊ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቂ። ልጅቷን ግን አትጩሂባት። ለምን መሄድ እንደፈለገች አስወሪያት። አንቺን እየረዳች ከሆነ ከሳምቡሳው ትርፍ የራሷን ድርሻ ስጫት። ከጅቡቲ ከተመለሱት ብዙዎቹ «ቤት ውስጥ የራሴ የምለው ብር አልነበረኝም» ነው የሚሉኝ።

ይህን እስክታነቢ ሄዳ ከሆነ ፎቶዋንና የልጁን ስልክ ቁጥር ይዘሽ ዛሬውኑ አመልክቺ። ትታሰርብኛለች ብለሽ አትፍሪ፤ ሕጉ የሚያያት እንደ ተጎጂ ነው። ከደወለችልሽም አትቆጫት፣ ያለችበትን ሰፈር ብቻ ጠይቂያት።